አንድ ሌሊት የተዘፈዘፈ ግብጦ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለኃይለመለኮት ሰይፈሥላሴ፤ አዲስ አበባ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረምህ? እንደምንስ ሰነበትህ? ከጥር ወዲህ ያስጨነቀን ሳልህ ለቀቀህ ወይ? የአክስትህ የወይዘሮ ብርነሽ ጉልበትስ ተሻለው? እኔና እናትህ እህተማርያም በአካል ደኅና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። በአሳብ ግን ደኅና ነን ብዬ ብጽፍልህ ሐሰት ይሆናል። የክርስትና ልጃችን ወይንሸት ታማ ከሞት አፋፍ ተመለሰች፤ የአባቷ የባፈና ቤት ግን ፈረሰ። ያፈረስሁትም እኔ ነኝ። ይህን ከእኔ በቀር በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ሁለተኛው አንተ ሆንህ።

ባፈናን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድህ በኋላ በጓሯችን በኩል የጎረበተን የሀዲያ ሰው ነው። ባለፈው ጥምቀት ከነቤተ ሰቡ ሲጠመቅ የስምንት ዓመት ልጁን እናትህ ክርስትና አነሣችለት፤ ስሟንም ወይንሸት አልናት። ከዚያ ወዲህ አበ ልጅ እንባባላለን። ከጽሕፈቱ ሥራ በእርጅና ከተሰናበትሁ ወዲህ የማርመው ወረቀት ስለሌለኝ የእርሱን አማርኛ አርማለሁ። «ሚስቴ መጣ» ሲል «መጣች በል» እለዋለሁ፤ «ላሟ ጠፋ» ሲል «ጠፋች» እለዋለሁ። እርሱም እየሣቀ «አበ ልጅ፣ ላሙ ራሱ አልተቆጣ፤ እርስዎ ምን ቸገረዎት?» ይለኛል፤ ደግሞም ይታረማል።

በየካቲት መጨረሻ የጻፍኸው ደብዳቤ ሲደርሰኝ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። መምህርህ «ሶክ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ግስ በአማርኛ ተርጉመህ እንድታቀርብ እንዳዘዙህ፣ እንግሊዞችም ይህን አንዱን ግስ ለልብስም፣ ለእህልም፣ ዝናብ ለመታው ሰውም፣ ውሃ ለሚቀበል መሬትም፣ ትምህርት ለሚያገኝ ተማሪም እንደሚያውሉት ነግረኸኛል። መልሱ ይኸውልህ። ልብስ ይዘፈዘፋል፤ ለብቅል የሚሆን ገብስ ይነከራል፤ ብዕር ከቀለም ይጠቀሳል፤ ሰው በዝናብ ይበሰብሳል፤ ጥጥ ዘይት ይመጥጣል፤ ደረቅ መሬት ውሃ ይጠጣል፤ ተማሪ ትምህርት ይቀስማል። እንግሊዞቹን ወጡንም ውሃውንም በአንድ ማሰሮ እንደሚያፈላ ሰው ታዘብኋቸው። መልሱን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጻፍሁት፤ ኩራትም ተሰማኝ።

ባፈና በደጅ ብቅ ያለው ይህንኑ በመጻፍ ላይ ሳለሁ ነው። ከዳሞት ካስመጣነው፣ ባቄላ ከሚመስለው የግብጦ ዘር ዓምና ጥቂት ሰጥቼው ነበርና በደከመ መሬቱ ላይ ዘርቶ አፍርቶለታል። «አበ ልጅ፣ ይህ ጾም ለእኛ አዲስ ነው፤ ግብጦውን እንዴት አድርገን እንብላው?» አለኝ። «ቀቅላችሁ ዘፍዝፉት» አልሁት። «ስንት ቀን?» አለኝ።

ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ግብጦ ዘፍዝፌ አላውቅም። ቀድሞ እናቴ፣ ኋላም እናትህ ሠርተው ያቀረቡልኝን በላሁ እንጂ ስንት ቀን ከውሃ ውስጥ እንደሚከርም ጠይቄ አላውቅም። እናትህ በዚያ ሰዓት ከጓሮ ነበረች፤ ድምፄን ከፍ ባደርግ ትሰማኝ ነበር። ነገር ግን በማርመው ሰው ፊት አላውቅም ማለት አፈርሁ፤ ከወረቀቱ መነጠልም ከበደኝ። ቀና ሳልል «አንድ ሌሊት ይበቃዋል» አልሁት። አመስግኖኝ ሄደ።

የተቀቀለ ግብጦ በከረጢት ሆኖ ስድስት ሰባት ቀን ወራጅ ውሃ ካልመታው ለካ መርዙ አይለቅም። እነርሱ በማግስቱ በሉት። ባለቤቱ ገና ስትቀምሰው ተፍታ «ይህ ምንድር ነው?» ብትለው ባፈና «ጾም እኮ ነው፤ ሊጣፍጥ ኖሯል?» አላት። አዲስ ክርስቲያን ነውና ምሬቱን ከጾሙ ሥርዓት ቆጠረው። ልጅቱም አባቷ ደስ እንዲለው ሁለት እፍኝ ጨረሰች።

ቀትር ላይ እየሮጠ መጣና «አበ ልጅ፣ ወይንሸት ታመመ፤ ዓይኑ አያይም» አለኝ። አፌ ከልቤ ቀድሞ «ታመመች በል» አለው። ቆም ብሎ አየኝና «ታመመች» አለ። ተነሥቼ የተከተልሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስንደርስ እጅ እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል፤ ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ተጣብቋል። እናትህ ግብጦውን ቀምሳ ተፋችና «ስንት ቀን ዘፈዘፋችሁት? አንድ ሌሊት? ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?» አለች። እኔ ዝም አልሁ። ባፈና እኔን አየ፤ ከዚያም መሬቱን አየ። እናትህ ሦስት ቀን ከአጠገቧ ሳትለይ ውሃ በጠብታ ስታጠጣት ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ልጅቱ ወተት ጠየቀች። ዛሬ ትራመዳለች፤ ዓይኗ ግን ገና ፀሐይ ይፈራል።

እናቷ ልጅቱን ይዛ ጃጁራ ከወንድሞቿ ዘንድ ገባች። ባለፈው እሑድ ሽማግሎች በባፈና ደጅ ተቀምጠው ነገሩን መረመሩ። እኔንም ምን ብዬ እንደነገርሁት ጠየቁኝ። «ዘፍዝፉት ብዬዋለሁ» አልሁ። አንዲት እንከን የሌላት ዓረፍተ ነገር ናት። አብሮኝ በጽሕፈት የኖረው ወንዳፈረው «ሰይፈሥላሴ ከሳተ ፊደልም ይስታል» ብሎ ቀለደ፤ ሰዎቹ ሣቁ። ባፈና ግን ተነሥቶ «እርሳቸው አይሳሳቱም። የእኔ አማርኛ ጎደሎ ነው፤ ብዙ ቀን ብለውኝ እኔ አንድ ብዬ ይዤው ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። የሚስቱ ወንድሞችም «እንግዲያው ተነግሮት ሳለ ልጁን መርዝ ካበላ ሰው ቤት እኅታችን አትመለስም» ብለው ተነሡ።

እኔን ሊያድን ብሎ የተናገረ እንዳይመስልህ። ከልቡ አምኖ ነው። በገዛ ጆሮው የሰማውን እንዲጠራጠር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በየቀኑ፣ በየግሱ። ትናንት በአጥሩ በኩል አግኝቶኝ «እንደምን አደሩ» አለኝና ጥቂት ቆይቶ «ልክ ተናገርሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ራሴን ነቅንቄ ገባሁ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ነጋዴው ብሩ ነገ ማለዳ ይህን ደብዳቤ ይዞ ይነሣል፤ እኔም ባፈናን አስከትዬ ጃጁራ እወርዳለሁ። በሚስቱና በወንድሞቿ ፊት «አንድ ሌሊት ይበቃዋል ያልሁት እኔ ነኝ፤ የሰማው ትክክል ነበር» እላለሁ። ደብዳቤውን አስቀድሜ የምልከው መንገድ ላይ ልቤ ቢከዳኝ አንተ ዘንድ መመለሻ እንዳላገኝ ነው። የግሱ መልስ ስሕተት የለበትምና ለመምህርህ ስጥ።

ለአክስትህ ለወይዘሮ ብርነሽ ሰላምታዬን አድርስ፤ ጉልበቷን ቅቤ ታሽበት። ለባለቤቷ ለአቶ ኃይሉ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ትንሿን እልፍነሽን ስለ እኔ ሳማት። እናትህ ጉንጭህን ትስማለች፤ ይህን የጻፍሁትን ግን ገና አታውቅም፤ ዛሬ ከእራት በፊት እነግራታለሁ፤ ነገ አብራኝ እንድትወርድም እለምናታለሁ። ጃጁራ ደርሼ የሚገባኝን ተናግሬ እንደሆነ ለማወቅ ስትሻ እርሷን ጠይቅ። እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔ እውነት የሚመስል ዓረፍተ ነገር አላጣም።

አባትህ ሰይፈሥላሴ

ሆሳዕና፤ ሚያዝያ ፩ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት።