አረንጓዴ ቀለም የነካው መሐረብ

ጥቅምት 5
ሒሳብ ተፈተንን። እንደ ምንም አልፋለሁ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ወንበሬ ረጥቦ ነበር፤ በወንድሜ መሐረብ ጠርጌ ተቀመጥኩ። ማታ እማ ቆሻሻውን አየች።
«ሳጥን ውስጥ መልሰው አላልኩህም? ከሱ የቀረን እኮ ይሄና ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው!»
ሆስፒታሉ የመለሰልንን ሌላውን ዕቃ ቆልፋበታለች። በዚህ ግን... ወንድሜ ቤት ሲቀባ ላቡን ይጠርግበት ነበር፣ ፀሐይ ሲበረታ አራቱን ጫፍ ቋጥሮ ኮፍያ ያደርገው ነበር፣ ዳቦ ይጠቀልልበት ነበር። ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥቅምት 7
የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ፤ በመሐረቡ አሰርኩት። የጋለ ድስትም አወረድኩበት። እጄ አላርፍ ብሎኛል። ቁጭ ካልኩ ያ ቀን ይመጣብኛል... ወንድሜ ከመሰላል ወደቀ ብለው የደወሉበት።
መምህሩ፣ «አንተ፣ ወንበርህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ክፍሉ ሳቀ።

ጥቅምት 8
መሐረቡ ጥጉ ላይ ተቀደደ። ለእማ አላሳየኋትም። እውነቷን ይሆን እንዴ?

ጥቅምት 11
ኳስ ስንጫወት የቀጭኔ አፍንጫ ደማ። ቀጭኔ የምንለው አጠገቤ የሚቀመጠውን ረጅሙን ልጅ ነው። ሳላስብ መሐረቡን ሰጠሁት። እንደያዘው ሄደ። ምን ነካኝ? እናቱ ብትጥለውስ? ቤታቸው ድረስ ሮጥኩ፤ ማንም የለም።
እማ፣ «መሐረቡስ?»
«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።» ዋሸሁ።

ጥቅምት 12
ቀጭኔ አመጣው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቀዳዳው ተሰፍቶ።
«እናቴ ይቅርታ በልልኝ ብላለች።»
«ለምኑ?»
«አረንጓዴው ቀለም አልለቅ አላት። ሁለቴ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋዋለች።»
ሳቅ አመለጠኝ። ከሳቁ ጋር እንባዬም... እዚያው ላይ ተናፈጥኩ።
«ኧረ ገና አሁን መታጠቡ ነው!» አለ ቀጭኔ።
ቤት ስገባ ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ጩኸቷን ስጠብቅ ቀለሙን በጣቷ ዳሰሰችው።
«ሁለቴ በበረኪና?»
«ሁለቴ።»
«ግትር ነው» አለች። «እንደ ልጄ።»

ጥቅምት 14
ጠዋት ኪሴን ስዳብስ ባዶ። አልጋ ሥር፣ ቦርሳ ውስጥ... የለም። ሳጥን ገባ ማለት ነው? ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። ምን ብዬ እንደምጣላት ሁሉ አሰብኩ።
ማታ እማ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት መጣች። መሐረቡ አንገቷ ላይ ታስሯል፤ በዱቄትና በላብ ጨቅይቷል።
«እማ!»
«ምድጃው ይፋጃል፤ ምን ላድርግ ታዲያ? ነገ ያንተ ተራ ነው።»
አጥቤ አሰጣሁት።