ሳይገለበጥ የቀረው ዓረፍተ ነገር

ጥቅምት 4
ስብሰባ፣ ስብሰባ፣ አሁንም ስብሰባ። የምንሠራው የሕፃናት ማሞቂያ ማሽን መስፈርቶች ከድሮው ሰነድ ከደንበኛው ጋር ወደምንጋራው ዳታቤዝ ገብተው አለቁ ተባለ። ከእንግዲህ ሁሉም ከአንድ ቦታ ያነባል፤ «እኔ ጋ ያለው እንዲህ አይልም» የሚለው ጭቅጭቅ አከተመ። የፍተሻው ሪፖርት ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣ ሁሉም ተሟልቷል። የቀረው የእኔ ማጽደቅ ነው። ታዲያ ልቤ ለምን አላመነም?

ጥቅምት 6
እህቴ ጋ ራት በላሁ። የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ናት፤ ስለ ሥራዋ ከጀመረች ማን ያስቆማታል። የማሞቂያው ማንቂያ ሲጮህ ድምፁን ታጠፋና ወደ ሌላው ሕፃን ትሮጣለች። ረስተሽው ብትቀሪስ? አልኳት።
«እረሳለሁ እንጂ! ግን ተመልሶ ይጮህ የለ።»
ተመልሶ ይጮህ የለ... የእኛ ማሽንስ?

ጥቅምት 7
ሞከርኩት። አይጮህም።
የድሮውን ሰነድ አወጣሁ። «ነርሷ ድምፁን ማጥፋት ትችላለች» ይላል። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል፦ «ችግሩ ካልተፈታ ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጮሃል።» ሲገለበጥ ዋናው ገባ፣ ግርጌው ቀረ። ፕሮግራመሩ የሠራው ከዳታቤዙ፣ ፈታሾቹም የፈተሹት ከዚያው። አረንጓዴ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ!

ጥቅምት 8
ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ርክክቡ ሰኞ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።
«ልጄ፣ አሁን አጽድቂው። በሚቀጥለው ቨርዥን እናስገባዋለን።»
እስከዚያ የሚረሳው ሕፃንስ? አልኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ።

ጥቅምት 9
አላጸደቅኩም። ዓረፍተ ነገሩን የራሱን ቁጥር ሰጥቼ አስገባሁና «አልተሟላም» አልኩት። ገጹ ቀላ። ደንበኛውም ያየዋል፤ የጋራ ነዋ።

ጥቅምት 20
ርክክቡ ተራዘመ። ፕሮግራመሩ፣ ሁሌ ይደርሳል ስለሚል «ይደርሳል» የምንለው፣ ዛሬ የምር አደረሰ። የማንቂያውን ድምፅ አጠፋውና ሁለት ደቂቃውን ቆመን ጠበቅን። አለቃዬም ነበሩ። አይጮህ ይሆን እንዴ?... ጮኸ። ሁላችንም ደነገጥን። ለማጥፋት የቸኮለ አልነበረም።

ጥቅምት 21
ጠዋት ዳታቤዙን ስከፍት የማጽደቂያው ቁልፍ የለም። ከስሜ ጎን «ማንበብ ብቻ» ይላል። የነገረኝ ሰው የለም። አለቃዬ ኮሪደር ላይ ወለል ወለሉን እያዩ ሰላም አሉኝ። ከፋኝ፣ ምን እዋሻለሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።
ተመልሼ ቁጥር የሰጠኋትን ያችን ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ። አለች። አልነኳትም። አነበብኳት... ደግሜ አነበብኳት።