ከመስቀል ወዲያ አይዘንብም ያልኩ ቀን

ለእታለሜ ለጽጌ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ያኮርፋል? ደም ግፊትሽስ? ጨው ቀንሺ የተባልሽውን ጭራሽ ረሳሽው? የአሰላ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኔና አዜብ እዚህ ሜልቦርን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅሽ ዜማም ከባሏ ከከነዓን ጋር ከደህናም ደህና ናት። እኔን ብቻ ጉንፋን ይዞኝ በአንድ እጄ አፍንጫዬን እየጠረግኩ እጽፍልሻለሁ። የጉንፋኑ ጥፋት ግማሹ ያንቺ ስለሆነ ከደብዳቤው ዝቅ ብዬ እወቅስሻለሁ።

ቪዛው ስላልደረሰልሽ ሰርጉን በስልክ ስታይ ውለሽ፣ ልክ ሰማዩ ሲጠቁር ኔትዎርኩ ተቋረጠብሽ። እኔ ባንቺና ነፍሱን ይማረውና በአባቷ ቦታ ቆሜ፣ አንድም ነገር ሳይጎድል ልድራት ቃል የገባሁልሽ ሰው ነኝና የቀረውን መናዘዝ አለብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ነው። ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳውን ወንዝ ዳር ካለው መናፈሻ ለማብላት አስበው ቀን ቁረጥልን አሉኝ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ሰማይ አስተምሮኛል። ላቨርተን ኖርዝ ከሚባለው ሰፈር፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት በምነዳበት መጋዘን እንኳ ሰዉ ዛሬ ይዘንባል ወይ ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ጉልበቴን ዳበስ አድርጌ እመልሳለሁ። የዚህ አገር ብርድና ዝናብ እንደኛው ክረምት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። መግቢያው አንድ ከሆነ መውጫውም አንድ ነው ብዬ አሰብኩና፣ ከመስቀል ወዲያ ሰማዩ ይጠራል፣ በጥቅምት አድርጉት አልኳቸው። እዚህ ወቅት በወር ሳይሆን በሰዓት እንደሚፈራረቅ፣ ሰው ጃኬት ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ የፀሐይ መነጽር ሰክቶ እንደሚወጣ ሃያ ዓመት ሙሉ እያየሁ መሆኑን ለጊዜው ረሳሁት።

የከነዓን እናት ወይዘሮ በለጥሻቸው ከዳንደኖንግ ሰፈር ድንኳን ቡክ አድርገው ነበር። በሰርጉ ሳምንት እኔው ደውዬ ካንስል አስደረግኩት። እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ሰማንያ በመቶ ይዘንባል ይላል ቢሉኝ፣ ሃያውን ለኔ ይተዉልኝ አልኳቸው። ዜማን ምን ትያለሽ ብላት እሺ ጋሼ አለችኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ያንቺ ልጅ ሳትከራከር እሺ ብላ አታውቅም።

እሁድ ጠዋት ከሰሜን፣ ከበረሃው በኩል ሞቅ ያለ ነፋስ ነፈሰ። ሰዉ ካፖርቱን መኪና ውስጥ ጥሎ ወጣ። በጠረጴዛዎቹ መሃል ስንጎራደድ ላየኝ ሙሽራው እኔ ነበርኩ። ወይዘሮ በለጥሻቸውንም ሞቀዎት ወይ፣ ጥላ ልያዝልዎት ወይ እያልኩ አበሸቅኳቸው። የገረመኝ ወጡ ከመኪና አለመውረዱ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ዞረ። ከደቡብ፣ ከባሕሩ ማዶ ከዚያ ከበረዶው አገር መጣ። መጀመሪያ የወረቀት ሳህኖቹ በረሩ፣ ቀጥሎ ባርኔጣዬ፣ ከዚያ ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደብን። አምስት ደቂቃ ነው፣ ያልፋል፣ ማንም እንዳይነቃነቅ ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል አጠገቤ ሰው የለም።

ለካስ ዜማ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከአበባዋ እቅፍ ውስጥ ቁልፍ መዝዛ፣ ከመናፈሻው ጀርባ ያለውን አዳራሽ ከፍታ ሰዉን አስገብታለች። በመስኮት ባይ ጠረጴዛው ተነጥፏል፣ ወጡ ይጨሳል፣ የገዛ ሚስቴ አዜብ ጭልፋ ይዛ ቆማለች።

ይኸውልሽ ወቀሳዬ። ቀኑን እንደ ቆረጥኩ ልጅቷ ደውላልሽ፣ ተስፋሚካኤል አይዘንብም ካለ ቶሎ ጣሪያ ፈልጊ ብለሻት ኖሯል። ያቺን የእናታችንን በርበሬ አርባ ዓመት ሙሉ ቋጥረሽ ይዘሻታል። እውነት ነው፣ አይዘንብም፣ ሂጂ ተጫወቺ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የተሰጣው በርበሬ በጎርፍ ሲሄድ የተገረፍሽው ግን አንቺ ነሽ።

እኔም እልህ ይዞኝ ዛፍ ሥር ቆሜ ሰዓቴን ቆጠርኩ። በስድስተኛው ደቂቃ ፀሐይ ወጣች፣ ሳሩ ሁሉ አብረቀረቀ። ውጡ ብል ማን ይስማኝ። ወይዘሮ በለጥሻቸው ፎጣ ይዘው መጡና፣ ይኸው ሃያው በመቶ ደረሰልዎት አሉኝ።

እታለም፣ በሰርጓ ሳትገኚላት ቀረሽ እያልኩ ሳዝን ነው የከረምኩት። ያቺ ልጅ ቁልፉን እያሳየችኝ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን መሰለችኝ፤ ያን ጊዜ ከሁላችንም ቀድመሽ እዚያ እንደ ደረስሽ ገባኝ። እኔ በቦታሽ ልቆም መጣሁ፣ አንቺ ግን ቦታሽን አልለቀቅሽም።

ፎቶዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ከሁሉም መካከል እንደ ወንፊት የሚያንጠባጥበው እኔ ነኝ። ያብስራን ሳሚልኝ፣ እህቱ ቆንጆ ሆና ነበር በይው። ለጎረቤትሽ ለእትዬ ፈጡማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለሰርጉ ያደረጉት ዱዓ ያዳነው አዳራሹን እንጂ እኔን አይደለም በያቸው። አዜብ ጉልበትሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች፤ ስለ ጭልፋው እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ሰሞኑን በርበሬ ልታሰጪ ካሰብሽ ግን እኔን አትጠይቂኝ። ለዜማ ደውዪላት።

ወንድምሽ ተስፋሚካኤል
ሜልቦርን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.