አስራ ስምንት ማለት ዕድሜ ነው

ኢክረማ፣

ወደ ሽሮ ሜዳ እየወጣሁ ነው፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ አለልህ፣ አሙቀህ ብላ።

ያመጣኸውን ጌም ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቅዬዋለሁ።
እንዳታወርደው።

"ሽፋኑ ላይ ያለው አስራ ስምንት ምንድነው?" ስልህ "አስራ ስምንት ዙር አለው ማለት ነው እታለም" አላልከኝም? ትናንት ጎረቤታችን አይሻ አይታው "ከአስራ ስምንት ዓመት በታች ክልክል ነው" አለችኝ።

እኔም ኑሪን "አባቷ አይደለህ? ሂክማ ከመንካቷ በፊት አንተ እየው" አልኩት። ባሌ ዶሮ ሲታረድ እንኳን ፊቱን የሚያዞር ሰው መሆኑን ረስቼ። ገና ሲጀምረው አንዱ ሽጉጥ ይዞ ብቅ አለበት። ኑሪ ጆይስቲኩን ወርውሮ "ልጅቷን ያዢ!" እያለ ከሶፋው ኋላ ተወሸቀ።

ሂክማ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጆይስቲኩን አነሳችና ሰውዬውን ድፍት አድርጋ "አባዬ ውጣ፣ አለቀ" አለችው።
በዘጠኝ ዓመቷ!

"ማን አስተማረሽ?" ስላት ያንተን ስም አላነሳችም።

ከጮህኩብህ በኋላ ሳስበው ግን፣ ሁለታችሁ ሳሎን ጸጥ ስትሉ እኔም ከኩሽና ብቅ ብዬ "ምን እያያችሁ ነው?" ብያችሁ አላውቅም። ጸጥታው ተመችቶኝ ነበር።
በቃ።

ሂክማን የቤት ሥራዋን አሠራት። ኑሪ ደግሞ ጠዋት "እስቲ አንዴ ብቻ፣ ሰውዬውን ልበቀለው" እያለ ሲለማመጠኝ ነበር። ቢለምንህም አትስጠው።
ዕድሜው አልደረሰም።

ኡመይማ