ሳይጠጣ የቀረው ጭማቂ

ትሕቱዬ፣ ከቱኒስ ሰላም ብዬሻለሁ።

ነገ በቴኒስ የምገጥማት ልጅ ዛሬ ምሳ ላይ የብርቱካን ጭማቂ ይዛልኝ ከች አለች። ፈገግታዋን አላመንኩትም። እንዲህ ያለውን ፈገግታ አዲሱ ገበያ ታክሲ ሰልፍ ላይ አውቀዋለሁ፤ ሞባይልሽ ከኪስሽ እስኪወጣ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተንከራትቼ፣ ነገ ካሸነፍኩ የመጀመሪያዬን የዓለም ደረጃ ነጥብ አገኛለሁ። እሷም ይህን ታውቃለች። አሠልጣኜ ደግሞ «ሰው የከፈተውን አትጠጪ፤ የተከለከለ መድኃኒት ካለበት በአንድ ጉንጭ ትታገጃለሽ» እያለ ነው ያሳደገኝ።

እናትሽ ጠላ ሲቀዱ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀድመው እንደሚቀምሱት፣ «መጀመሪያ ራስሽ ቅመሺ» አልኳት። ቀመሰች። እኔ ግን አሁንም አልጠጣሁም። ይሉኝታ ያዘኝና እማዬ የቋጠረችልኝን በሶ በጥብጬ ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና «አንቺ ቅደሚ» አለችኝ! ቀመስኩላት፤ እሷም አልነካችውም። ሁለት ብርጭቆ መሃላችን ገትረን ተፋጠጥን። በቃ፣ ሥራችን እንዲህ ነው።

ፖስት ካርዷ ሞላችብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ጉለሌ ስመለስ ጠላቸውን ዝም ብለው ይቅዱልኝ፤ የእሳቸውን ሳይቀመስልኝ እጠጣለሁ።

ኪብሮን