ከአልጋዬ ሥር ያለው ባርኔጣ

ሴፕቴምበር 14
የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ስወቅጥ ዋልኩ። የዘንድሮው ፍሬ ትል በዝቶበታል፣ ግማሹን ጣልኩት። ዱቄቱን ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ዘርግቼ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ውሃ ሳፈስበት አክስቴ ኦፓል መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«አባትሽ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ክቡ ቤት ግን እንደቆመ ነው። የሚጨፈርበት ቤት አለቃው ሲሞት አብሮት እንደሚቃጠል ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም አክስቴ።»

«ወንድ ልጅ አልተወም። አለቅነቱ ያንቺ ነው፣ እሳቱም ያንቺ።»

ገንፎ አቀረብኩና አብሬያት በላሁ። ሳቀችብኝ። «አባትሽ እንግዳው ሁሉ ሳይጠግብ አይቀምስም ነበር። አንቺ ጭራሽ ቀደምሽኝ!»

አፈርኩ።

ሴፕቴምበር 15
ዛሬም ከበሮው ሲመታ ሰማሁ… ጠዋት፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ። ከበሮው ክቡ ቤት ውስጥ ጉድጓድ ላይ የተጋደመው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ ነው። አባዬ ላዩ ላይ ቆሞ በእግሩ ይመታው ነበር። ድም… ድም… በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ታዲያ ማነው የሚመታው?

ሴፕቴምበር 22
የአጎቴ ልጅ ዊልበር ሥራውን ጥሎ መጣ። ክቡ ቤት ሊቃጠል ነው የሚለው ወሬ ደርሶታል።

«እንዳታደርጊው ቬልማ። የቅድመ አያቶቻችንን ቤት ወርቅ ፍለጋ አገራችን የገቡት ሰዎች አቃጠሉት። የቀረችውን አንዷን ደግሞ እኛው? ማን መልሶ ይሠራታል? እኔ ወገቤን ያመኛል፣ አንቺ ምስማር ስትመቺ የምታገኚው ጣትሽን ነው።»

ሳቅን። እውነቱን ነው። አክስቴም እውነቷን ነው። እኔስ ምን ይውጠኝ?

ሴፕቴምበር 23
ለማንም ያልነገርኩት አለ። አባዬ የሞተ ጊዜ ልብሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጥረቢያውን ሁሉ አቃጠልን። የሟች ዕቃ ከቀረ ሟቹ መንገዱን አይሄድም… ይመለሳል። ስሙን እንኳ አንጠራም። እዚህም አልጽፈውም።

ባርኔጣውን ግን ደበቅኩ። አልጋዬ ሥር ነው። አሁንም እሱን እሱን ይሸታል። እንዲህ ያደረገች ሴት እንዴት አለቃ ትሆናለች?

ኦክቶበር 2
ከበሮው ቀረበ። ዕቃ ሳጥብ ከእግሬ ሥር ሰማሁት። አመታቱ የደከመው ሰው አመታት ነው። አባዬን አስሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን አንጀቴን በላኝ።

ኦክቶበር 3
ለአክስቴ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«እኔ የሟች ባሌን ቢላዋ ሦስት ዓመት ደብቄያለሁ» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ሲያስል እሰማው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሳዘነኝ። ቢላዋውን እሳት ውስጥ ጥዬ ለቀቅኩት።»

ከሰዓት በኋላ ሰው ለቃጠሎው የሚጠራበትን ክር አወጣሁ። ለየመንደሩ አንድ አንድ ክር፣ በየክሩ ስምንት ቋጠሮ። በየቀኑ አንድ ይፈታሉ፣ የመጨረሻውን ሲፈቱ እዚህ ይደርሳሉ። ክር የሚልከው አለቃ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ቋጠርኩ።

ኦክቶበር 7
አራት ቋጠሮ ቀረ። ባርኔጣውን አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩለት።

ኦክቶበር 12
ትናንት መጡ። ከስልሳ ይበልጣሉ። ባርኔጣውን ሰው ሁሉ እያየ ይዤ ወጣሁና «ደብቄው ነበር» አልኩ። ማንም አልወቀሰኝም። ክቡ ቤት ገብቼ መሃል ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወጥቼ እሳቱን ራሴ ለኮስኩ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ጣሪያው ሲወርድ ዊልበር አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«አሁን ረካሽ?»

«አልረካሁም። ለጸደይ አራት ምሰሶ ቁረጥልኝ።»

«ወገቤስ?»

«ይዘኸው ና።»

ዛሬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም የለም። ቆሜ ጠበቅኩ… ምንም። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ናፈቀኝ።

እንግዶቹ ገና አልሄዱም ነበር። ገንፎ አወጣሁላቸው። ሕፃናቱ፣ አሮጊቶቹ፣ ከሩቅ የመጡት… ስመላለስ ረፈደ።

«ቬልማ፣ አንቺስ?» አለች አክስቴ።

«ቆይ» አልኳት።

ሁሉም ሲነሣ፣ ከድስቱ ሥር የተረፈውን ቀዝቃዛ ገንፎ ቆሜ በላሁ።