ቢላዋውና የስንዱ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 4 ሰዓት

ሞረድ፣ አሁንም ሞረድ። ስለቱ በሁለቱም ጎን እኩል እየወረደ ነው። ብረቱ የአሮጌ ፒክአፕ ባሌስትራ። እጀታው የልጄ የማርታ ባል፣ ብራየን፣ አምና ከገደለው አጋዘን ቀንድ ይሆናል። ለታንክስጊቪንግ በዓል አደን ሲሄድ ወገቡ ላይ እንዲታጠቀው ነው ሐሳቤ። ማርታ ጋራዡን አይታ ኩል ነው ዳዲ፣ አሪፍ ነው አለች። አባቴ ቢያየኝ ምን ይል እንደነበር ግን አውቃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብርድ ገብቷል። ጣቶቼ አይታዘዙም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

ተሰነጠቀ። እንደ ፍም አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ጭ አለ፣ በቃ። ከጫፉ እስከ መሃሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። የሁለት ሳምንት ሥራ። በልጅነቴ በገበያ ቀን ብረት ቀጥቃጩ ውኃ ውስጥ ሲነክር አይቼ ነበር። ከሩቅ። መጠጋት አይፈቀድልንም፤ የቡዳ ዘር ነው እንባል ነበር።

ወ/ሮ አልጋነሽ ከቤ/ክ ደወሉ። ከኛ ሳይርቅ አሌክሳንድርያ ቢላዋ የሚሠራ የአገር ልጅ አለ፣ ጌታሁን ይባላል አሉ። ቁጥሩን ጻፍኩ። ጌታሁን የሚባል ሰው ብዙ ነው። ያ የማውቀው እንዳይሆን ተመኘሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ከሰዓት 11

እሱ ነው። ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ግን እሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ከዚያ የተሰነጠቀውን ብረት ከእጄ ተቀብሎ ሳቀ።

“አይ ጋሽ አሰፋ! ለካ እርስዎም ቀጥቃጭ ሆኑ!”

እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ማስታወሻዬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልጻፍ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ አዲስ አበባ፣ ይህ ሰው ታናሽ እህቴን ስንዱን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አባታችን ሞቶ ነበርና መልስ ሰጪው እኔ ነኝ። ሰባት ቤት ይቆጠር አልኩ። ሌላው ሰው ዘመድ ይጠይቃል፤ እኔ ጋዜጠኛ ነበርኩና የጋዜጣችንን የክፍለ ሀገር ዘጋቢ አሰማራሁ። በሦስት ምንጭ አረጋገጥኩ። አያቱ ቀጥቃጭ። ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ሲመለሱ ልጅቱ ራሷ አልፈለገችም አልኳቸው። ለስንዱ ደግሞ ሰዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ አልኳት። እሷ ኮርታ አልጠየቀችም፤ እሱ አፍሮ አገር ለቀቀ።

ዛሬ አንዱንም አላነሣም። ዘይት ነው እንጂ ውኃ አይደለም አለኝ። ብረቱን ማግኔት እስከማይስበው ድረስ አግለው፣ ለብ ያለ ዘይት ውስጥ ይንከሩት፤ ከዚያ የወጥ ቤት ኦቭን ውስጥ፣ የጭድ ቀለም እስኪይዝ። የራሱን ብረት ቆርጦ ሰጠኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሁለተኛው ስለት አልተሰነጠቀም! ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቀንዱ ሲሞረድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ በሩን ከፍቼ ሠራሁ። ጌታሁን እንዴት ሆነልዎ ብሎ ደወለ። ደግነቱ ከበደኝ።

ስንዱም ደወለች፤ እንደ ሁልጊዜው ከሥራ ስትወጣ። እዚሁ ቅርብ፣ አስፐን ሂል፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አግብታ ነበር፣ በአራተኛው ዓመት ጥላው ወጣች። ምን አደረገሽ ስላት ምንም አለች፤ ሰው ሳይተወኝ መተውን ከጌታሁን ተማርኩ አለች። ያን ቀን መናገር እችል ነበር። ርእስ ቀየርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አሌክሳንድርያ፣ ጌታሁን ጋራዥ። አፎቱን ሰፋን። ቆዳውን ውኃ ነክሮ ስለቱ ላይ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ቅርጹን ያዘ። እሱ በወስፌ ይበሳል፣ እኔ ሰም የተቀባውን ክር አስገባለሁ። ቀና ሳይል ስንዱ ደህና ናት ወይ አለኝ።

ነገርኩት። ሁሉንም። ዘጋቢውን ጭምር።

ሦስት ቀዳዳ በሳ። አራተኛው ላይ ቆመ። እሷ የምታውቀው ምንድነው ብሎ ጠየቀ። እንደቀረህባት አልኩ።

ሚስቱ ከወጥ ቤት ተጣራች። “ጌታሁን! እንግዳውን ጋራዥ ውስጥ ልታስርባቸው ነው?”

“መጣን!” አለ። ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ “እኔ ሚስትም ልጆችም አሉኝ፣ ተመስገን። በአያቴም አላፍርም፤ ይኸው በሱ ሙያ እየሠራሁ ነው። ግን እሷ ዘንድ ቃሉን የበላ ሰው ሆኜ ሠላሳ ዓመት! እኔን ይቅርታ አይጠይቁኝ ጋሽ አሰፋ። ይንገሯት።”

ምሳ ቀረበ። አጎረሰኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የቀረውን ስፌት እርስዎ ይጨርሱት ብሎ ሸኘኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 15። ጠዋት

ጾም ገባ። ቢላዋው አለቀ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ስለቱ ወረቀት በአየር ላይ ይቆርጣል። ደስታ የለኝም። ለስንዱ ደወልኩ፤ ልመጣ ነው አልኩ።

“ምነው ወንድም ጋሼ፣ ታመሃል እንዴ? ድምፅህ ሌላ ነው።”

አልታመምኩም አልኳት። ሽሮ እሠራለሁ፣ ሳትበላ ና አለች።

እዚያው ቀን። 7 ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ከቤቷ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ሃያ ደቂቃ ሆነ። የምላትን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ዘመኑ እንደዚያ ነበር የሚለው ወጣ። ለአንቺው ብዬ የሚለውም ወጣ፤ ውሸት ነው። የቀረው፦ ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጥተው ነበር፤ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ላትደውልልኝ ትችላለች። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።

በረንዳው ላይ ወጣች። እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ታያለች።

“አንተ! እዚያ ምን ትሠራለህ? ሽሮው በረደ እኮ!”

መጣሁ አልኳት። ወረቀቱን እዚሁ እተወዋለሁ። አላነብላትም። ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ።